የተመለሰ ብርሃን ስም፦ «ነጸብራቅ» በሚለው ቃል አጠቃቀም ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ከአንድ ነገር ላይ አርፎ ወደ ሌላው የሚሄደውን ብርሃን የጽሑፍ አማርኛ «ነጸብራቅ» ይለዋል። ራሱን ችሎ የሚያበራ ኮከብ ድምቀትም በዚሁ ቃል ይጠራል። ላብ ባወዛው ግንባር ላይ ብልጭ ብሎ ዓይን የሚወጋውም እንዲሁ ነጸብራቅ ነው። የመጀመሪያው የተመለሰ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ከምንጩ የወጣ ብርሃን ነው። ሦስተኛው የተመለሰ ቢሆንም የሚታየው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሌላውን ነገር ከማብራት ይልቅ የሚያርፍበትን ዓይን ያውካል።

አንድ ቃል ብዙ ፍች መያዙ በራሱ ነውር አይደለም። በቅኔና በግጥም እንዲያውም ሀብት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሂስ የሚያነጣጥረው በሌላ ቦታ ነው፦ ቃሉ ያለ ማብራሪያ የሙያና የትምህርት ስያሜ ሆኖ በሚያገለግልበት ቦታ። በሳይንስ ማስተማሪያ፣ በመንገድ ደኅንነት ምክርና በፎቶግራፍ ሥራ ሦስቱ ነገሮች ካልተለያዩ የሚከተለው ስሕተት በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። አማርኛ እነዚህን ለመለየት አቅም አላነሰውም፤ አቅሙ በንግግር ውስጥ ይገኛል። የጎደለው፣ የስያሜ ሥራው ከንግግሩ አለመነሣቱ ነው።

2. ሀዋታ እንደ መመልከቻ ስፍራ

ሀዋታ ከገዳሪፍ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ በራሃድ ወንዝ ላይ የምትገኝ፣ ከሰናር ወደ ገዳሪፍ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ወንዙን የሚሻገርባት የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። ራሃድ ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ከፍታዎች የሚወርድ ወንዝ ነው። የሰሊጥና የማሽላ እርሻው በየዓመቱ ከድንበሩ ማዶ ወቅታዊ ሠራተኞችን ይስባል። የገዳሪፍ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ከዚያም ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎችን አስተናግዷል፤ ኡም ራኩባ በሁለቱም ዘመን የመጠለያ ስም ሆኖ ይነሣል። በዚህ አካባቢ አማርኛና ትግርኛ በአረብኛ ተከበው ይነገራሉ። ስለዚህም አንድ ነገር በሦስት ቋንቋ እንዴት እንደሚሰየም ለማነጻጸር ቦታው ይመቻል።

ቦታው በብርሃኑም ይመቻል። ሀዋታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀትር ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ አናት ላይ ትቆማለች። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ግንባርንና አፍንጫን አብርቶ የዓይን ጉድጓድንና አገጭ ሥርን በጥላ ይሞላል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ፊትን ከታች የሚያበራው ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን ብቻ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ አፈር ግን የኢትዮጵያ ገበሬ መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር ሸክላ ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል። አሸዋማ መሬት ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር የሚያገኘውን ብርሃን እዚህ የቆመው አያገኝም።

ያንን ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚሞላው ልብስ ነው። የምሥራቅ ሱዳን ሰው ነጭ ጀላቢያ ከነጭ ጥምጥም ጋር ይለብሳል፤ የአማራው ደጋ ሰው ነጠላና ጋቢ ይደርባል። ነጭ ጨርቅ የሚያርፍበትን ብርሃን አለስልሶ በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ከዚያም ከፊሉ ወደ አገጭ ሥርና ወደ ዓይን ጉድጓድ ይደርሳል። ፎቶ አንሺ ከባለፎቶው ደረት ፊት ለፊት የሚያስይዘው ነጭ ሰሌዳ የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው።

ያው ጨርቅ ግን ሌላም ነገር ያደርጋል። ካሜራ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ወደ ሌንሱ ተመልሶ የሚገባውን ብርሃን ለክቶ ነው። መለኪያው የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም፤ ሁሉም ነገር መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ ይቆጥራል። በሙያው የታወቀው መለኪያ ካርድ የሚያርፍበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ግራጫ ነው። ነጭ ወረቀት 90 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ይህም ከካርዱ አምስት እጥፍ ነው። ምስሉን የሞላው ነጭ ጀላቢያ ከሆነ ካሜራው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ጀላቢያው ግራጫ ይሆናል፤ ጠይም ወይም ጥቁር የሆነው ፊት ደግሞ መልኩ እስኪጠፋ ይጨልማል። ጨርቁ በአንድ ጊዜ ለፊቱ ብርሃን ይሰጣል፣ መለኪያውንም ያሳስታል። ይህን በአማርኛ ለተለማማጅ ለማስረዳት የሚነሣ ሰው በእጁ የሚያገኘው የጽሑፍ ቃል አንድ ነው፦ ጨርቁ ያንጸባርቃል። ዓረፍተ ነገሩ ለሁለቱም ድርጊት እውነት ስለሆነ አንዱንም አያስረዳም።

3. የግሱ ባሕርይ

«አንጸባረቀ» አራት ተነባቢዎች ባሉት ሥር ላይ «አን-» የሚል መነሻ የታከለበት ግስ ነው። በዚህ ክፍል «ተንቀጠቀጠ»፣ «ተንከባለለ»፣ «ተንጠባጠበ»፣ «ተንቦገቦገ» የመሳሰሉት ይገኛሉ። አብዛኞቹ የሚገልጹት በስሜት ሕዋስ የሚያዝ፣ የሚደጋገም ወይም የሚርገበገብ ሁኔታ ነው፦ እንቅስቃሴ፣ ድምፅ፣ ነበልባል፣ ጠብታ። የሥሩ የመጨረሻ ሦስት ተነባቢዎች (ብ-ር-ቅ) «መብረቅ» ውስጥ ያሉት ናቸው፤ በአረብኛም «በርቅ» ብልጭታ ነው። ስለዚህ «አንጸባረቀ» በቅርጹም በዝምድናውም ስለ ብልጭታ የሚናገር ግስ ነው፤ መመለስን የሚያመለክት ምንም ነገር በውስጡ የለም።

ከክፍሉ ጓደኞቹ የሚለየው በተሻጋሪነቱ ነው። «ተንከባለለ» ኢተሻጋሪ፣ «አንከባለለ» ተሻጋሪ ነው፤ ልዩነቱ በመነሻ ቅጥያው ይታወቃል። «አንጸባረቀ» ግን በአንድ ቅርጽ ሁለቱንም ይሆናል። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች እንመልከት።

(1) ወርቁ ያንጸባርቃል።
(2) መስተዋቱ ብርሃኑን ያንጸባርቃል።
(3) ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያንጸባርቃል።
(4) ጨረቃ ታንጸባርቃለች።

በ(1) ግሱ ተሳቢ የለውም፤ ባለቤቱ የሚያብለጨልጨው ነገር ራሱ ነው። በ(2) በ«-ን» የተመለከተ ተሳቢ አለ፤ ብርሃኑ ከሌላ ቦታ እንደ መጣ የምናውቀው ከዚህ ነው። በ(3) ሁለት ንባብ አለ። አንደኛው ብርሃን ወደ ፊቱ እየተመለሰ ያበራዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ፊቱ በላብ ወይም በቅባት ወዝቶ ብልጭ ይላል የሚል ነው። ፎቶ አንሺ የመጀመሪያውን ይፈልጋል፣ ሁለተኛውን ለማጥፋት ይደክማል። ቃሉ የሚፈለገውንና የሚሸሸውን በአንድ ስም ጠርቶታል ማለት ነው።

(4) ለትምህርት ቤት ከሁሉም የከፋ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ ከሚያርፍባት የፀሐይ ብርሃን በአማካይ 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ትመልሳለች፤ በዚህ ረገድ ከመረሬ አፈር ጎራ የምትመደብ ጥቁር አካል ናት። «ጨረቃ ታንጸባርቃለች» ያለ ተማሪ ይህን አውቆ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ እንደ ፋኖስ ከራሷ እንደምታበራ የሚያምን ተማሪም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያለ ስሕተት ይናገራል። መምህሩ ከመልሱ ተነሥቶ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም።

የጋዜጣ አማርኛ ነገሩን ወደ ሐሳብ ዓለም አሻግሮታል። «ይህ ጽሑፍ የጸሐፊውን እንጂ የዝግጅት ክፍሉን አቋም አያንጸባርቅም» የሚለው የተለመደ ማሳሰቢያ የ(2) ዓይነት አጠቃቀም ነው፤ ምንጩ ሌላ፣ መላሹ ሌላ። «የግል አቋሙን አንጸባረቀ» በሚለው ግን ምንጩና መላሹ አንድ ሰው ሆነዋል፤ ግሱ «ገለጸ» ማለት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። «የሕዝቡን ስሜት አንጸባረቀ» የተባለ ተናጋሪ የሌላውን አስተላለፈ ወይስ የራሱን በሌላው ስም ተናገረ? አንባቢ ይህን ለመጠየቅ መብት አለው፤ ቃሉ ግን ጥያቄውን ይሸፍነዋል።

እዚህ ላይ ታሪክ ራሱን እንደ ደገመ ልብ ይሏል። «መጽሔት» በግእዝ መስተዋት ነው፤ በዘመናዊው አማርኛ በየጊዜው የሚታተም የንባብ ውጤት ሆኗል። የመስተዋቱ ስም ወደ ኅትመት ሲሻገር የቆየው ዕቃ በ«መስተዋት» ቀረ። ዛሬ ደግሞ ግሱ ስሙን ተከትሎ ወደዚያው እየሄደ ነው።

4. የመዝገበ ቃላቱ አደረጃጀት

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ባህል ረጅምና የሚያኮራ ነው። ኢዘንበርግ በ1841፣ ዳባዲ በ1881፣ ጉይዲ በ1901 ያሳተሟቸው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)፣ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.)፣ የቶማስ ኬን ባለ ሁለት ቅጽ ሥራ (እ.ኤ.አ. 1990)፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያወጣው አማርኛ መዝገበ ቃላት (1993 ዓ.ም.) ለዚህ መስክ መሠረት ናቸው። ከአስተማሪው ከኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ ሥራ ጋር ሲነበብ የደስታ ተክለ ወልድ መጽሐፍ የሥርና የዘር አመዳደብ ጥበብ የሚታይበት ነው።

ሂሱ በትጋታቸው ላይ አይደለም፤ አደረጃጀታቸው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ላይ ነው። በሥር የተደረደረ መዝገበ ቃላት «አንጸባረቀ»ን ከ«ነጸብራቅ» ጋር ያኖረዋል፤ «መለሰ»ን በሌላ ቅጽ፣ «ነጠረ»ን በሌላ ገጽ፣ «ማሚቶ»ን ከዚያም ራቅ ባለ ቦታ። በፊደል ተራ የተደረደረውም ከዚህ አያመልጥም። የብርሃንን መመለስ የሚገልጹ ቃላት ስንት እንደ ሆኑና በምን እንደሚለያዩ ማወቅ የሚሻ ሰው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት የሙያ ስያሜ የሚያዘጋጅ ሰው ለአንድ የባዕድ ቃል አንድ አቻ ፈልጎ ያገኘውን የመጀመሪያውን ቃል ይወስዳል። ከ«ነጸብራቅ» ጎን ለጎን በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ «ጽብረቃ» የሚለው ቅርጽም ይታያል። ይህ የድርጊቱን ስም ከውጤቱ ስም ለመለየት የተደረገ የሚመሰገን ሙከራ ነው፤ ሆኖም ከዚያው የብልጭታ ሥር ስለ ወጣ ዋናውን ችግር አልፈታም።

ጎረቤቶቻችን የተለያየ መንገድ ይዘዋል። አረብኛ ለዚህ ነገር «ኢንዒካስ» ይላል፤ «ዐከሰ» ከሚለው፣ መገልበጥንና ወደ ኋላ መመለስን ከሚያመለክተው ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ «ዓኪስ» ያሉት ዕቃ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። የአውሮፓ ቋንቋዎች የተዋሱት የላቲን ቃልም «ወደ ኋላ ማጠፍ» ነው። ትግርኛ እንደ አማርኛ «ነጸብራቕ» ይላል፤ የችግሩም ተካፋይ ነው። በሀዋታና በገዳሪፍ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ልዩነቱን በአንደበቱ ይዞታል፦ በአረብኛ ሲናገር ብርሃኑ ይመለሳል፣ በአማርኛ ሲናገር ብርሃኑ ይብለጨለጫል።

5. የሚያስከትለው ጉዳት

ሁለት ጉዳዮችን ብቻ እናንሣ። የመጀመሪያው የመታወቂያ ፎቶ ነው። የዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የጉዞ ሰነድ ደንብ ፊት ላይ ጥላ እንዳይኖር፣ ብርሃኑም እኩል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጀርባውም ደማቅ እንዲሆን የተለመደ ነው። በጥድፊያ የሚሠራ መዝጋቢ ጠይም ወይም ጥቁር ሰውን በነጭ ግድግዳ ፊት አቁሞ ካሜራውን በራሱ መለኪያ ካሠራው ከላይ እንዳየነው ግድግዳው መለኪያውን ያሳስታል፤ ፊቱ ይጨልማል። ስደተኛ ሰው በዚያ ፎቶ ራሽን ይቀበላል፣ ይጓዛል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይገናኛል፤ ዓይኑና አፍንጫው ካልተለየ ማንነቱን ማስረዳት የራሱ ዕዳ ይሆናል። ችግሩ በዚህ አካባቢ የተጀመረም አይደለም። ለብዙ ዘመን የቀለም ፊልም ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በተባለ፣ ነጭ ሴት በምትታይበት የኮዳክ ማመሳከሪያ ነበር፤ የጥቁር ሰው መልክ የመለኪያው አካል አልነበረም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፊቱ ላይ መለካት፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ከአገጭ በታች ማስያዝ፣ ሰውየውን ከግድግዳው ማራቅ። ይህን በአማርኛ ለሚሠለጥን መዝጋቢ መናገር የሚቻለው ግን ሁለቱ ነጮች የሚሠሩት ሥራ በሁለት ቃል ከተለየ ነው። የጀርባው ነጭ ወደ ካሜራው ይመልሳል፤ የአገጭ ሥሩ ነጭ ወደ ፊቱ ይመልሳል። «ሁለቱም ያንጸባርቃሉ» ያለ አሠልጣኝ ምንም አላስተማረም።

በዚህ ላይ የቋንቋው ዘይቤ ሌላ ሸክም ይጨምራል። በአማርኛ «ፊቱ ጠቆረ» ማለት ቅር አለው ማለት ነው፤ «ፊቱ በራ»፣ «ፊቱ ፈካ» የደስታ ነው። ሰው በፎቶው ላይ ፊቱ ጠቁሮ ሲያይ የሚሰማው የአሠራር ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የጠባዩ ምስክር ተዛብቶ እንደ ቀረበ ይቆጥረዋል። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር እያለ መልክን በጥንቃቄ ደረጃ የሚሰጥ ቋንቋ ተናጋሪ ሁሉም ፊት አንድ ጥላ ሲሆን የሚያጣውን ነገር ያውቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገድ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና መተማ በሚወስደው መንገድ ሌሊት የጭነት መኪናና እግረኛ ይገናኛሉ። «አንጸባራቂ ልብስ» የሚባለው ሰደርያ ከመስተዋትም ከነጭ ጨርቅም በተለየ መንገድ ይሠራል፤ በላዩ ያሉት ደቃቅ የብርጭቆ ዶቃዎች ብርሃኑን ወደ መጣበት አቅጣጫ ይልኩታል። ፐርሲ ሾው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ለመንገድ ላይ የፈጠረው «የድመት ዓይን» የሚሠራውም በዚሁ መርህ ነው። ስለዚህ ልብሱ ደምቆ የሚታየው የፊት መብራት ላበራው ሾፌር ብቻ ነው። መብራቱ የተሰበረ ሞተር ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ሰደርያው ተራ ጨርቅ ነው። «አንጸባራቂ» የሚለው ስያሜ በዓረፍተ ነገር (1) ስሜት ከተሰማ፣ ለባሹ ልብሱ እንደ ኮከብ ከራሱ የሚያበራ ይመስለዋል። ቃሉ የሌለ ዋስትና ይሰጠዋል።

6. በንግግር ውስጥ ያለው ሀብት

አማርኛ ብርሃንን የሚገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፦ ብልጭ አለ፣ ቦግ አለ፣ ጭል ጭል አለ፣ ወገግ አለ፣ ፍንትው አለ፣ ድርግም አለ፤ ከስሞቹም ጮራ፣ ጨረር፣ ጸዳል፣ ወጋገን። እነዚህን በአንድነት ስናያቸው አንድ ነገር ይታያል። ቃላቱ የብርሃንን ፍጥነትና ብርታት በረቀቀ መንገድ ይለያሉ፤ አቅጣጫውን ግን አይናገሩም። አቅጣጫን የሚናገሩት ከብርሃን ውጭ ያሉ የተራ ድርጊት ግሶች ናቸው፦ ፀሐይ መታው፣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፣ ጥላው አረፈበት፣ ከግድግዳው ተመልሶ ፊቱ ላይ አረፈ። የስያሜ ሥራ ስሙን ሲፈልግ የተመለከተው የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ የሚያስፈልገው ቃል ግን ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ለድምፅ ቋንቋው ይህን ቀድሞ ሠርቶታል። ከገደል ተመትቶ የሚመለሰው ድምፅ «የገደል ማሚቶ» የሚል የራሱ ስም አለው፤ ከጮኸው ሰው ድምፅም ከገደሉም ይለያል። ግሱም «አስተጋባ» ነው። ኳስ ሲሆን «ነጥሮ ተመለሰ» እንላለን። ለብርሃን ብቻ የተመለሰው ነገር ከምንጩ የሚለይበት ስም አልተሰጠውም።

ባለሙያዎች ግን ዝም ብለው አልጠበቁም። «መስተዋት» በአማርኛ ብርሃን አሳላፊውንም መላሹንም ይጠራል፤ የመስኮቱም መስተዋት ነው፣ የፊት ማያውም መስተዋት ነው። ሾፌሮች ከጣልያንኛ «ስፖኪዮ» የሚለውን ወስደው የኋላ ማያውን ከመኪናው ሌላ መስተዋት ለይተዋል። ውሰቱ ቋንቋውን አላደኸየም፤ ለሥራ የሚያስፈልግ ልዩነት አስገብቶለታል። በከተሞች ንግግር «ሪፍሌክት አደረገ» የሚለው መስማት የተለመደ የሆነው «አንጸባረቀ» የማይለየውን ለመለየት ሲባል እንደ ሆነ መገመት ይቻላል።

የፎቶ ሙያም የራሱን ሥርዓት አበጅቷል። በድሮስ ቦያጅያን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ካነሡበትና ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ከወረሱበት ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አላቸው፤ በሱዳንም ራሺድ መሕዲ አትባራ ላይ በስቱዲዮ ብርሃን የሠሯቸው ምስሎች ይታወቃሉ። በአማርኛው በኩል የሙያውን ቃላት ብንመረምር ስሞቹ ውሰት ናቸው፦ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ፊልም፣ ሪፍሌክተር። ግሶቹ ግን የአገር ቤት ናቸው፦ ፎቶ ይነሣል፣ ፊልም ይታጠባል፣ ብርሃን ይያዛል። ከሁሉም የሚደንቀው በስቱዲዮ ፍላሽ ፊት የሚተከለው ጃንጥላ ነው። ስሙ በተለምዶ እንደሚተነተነው የንጉሥ ጥላ ማለት ነው፤ ፀሐይ የሚከለክለው ዕቃ በስቱዲዮ ውስጥ ብርሃን ወደ ሰው የሚመልስ ሆነ። ሙያተኛው ለዕቃው አዲስ ስም አልፈለገም፤ ሥራውን የሚናገር ግስ ግን ያስፈልገዋል።

7. የቀረበው ሐሳብና ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ

ከዚህ ተነሥቶ የሚከተለው ክፍፍል ለውይይት ቀርቧል። ከምንጩ ለሚወጣው «አበራ» እና «ብርሃን» ይበቃሉ። በለስላሳ ገጽታ ላይ ለሚታየው ብልጭታ «ነጸብራቅ» እና «አንጸባረቀ» በነበሩበት ይቆዩ፤ ከሥራቸውም ከክፍላቸውም የሚስማማው ይህ ነው። ከገጽታ ተመልሶ ሌላውን ለሚያበራው «ተመላሽ ብርሃን»፣ ለድርጊቱ «መለሰ»፣ ለዕቃው «ብርሃን መላሽ» ይባል። ዕቃውን «ሪፍሌክተር» የሚለው ባለሙያ ስሙን ሊተው አይገባም፤ ግሱ ግን «ይመልሳል» ቢሆን ትምህርቱ ይቀላል። በዚህ መሠረት ብርማው ሰሌዳ ጠንካራ፣ ነጩ ለስላሳ፣ ወርቃማው ሞቅ ያለ ተመላሽ ብርሃን ይሰጣል ማለት ይቻላል፤ ጥቁሩ ሰሌዳ ደግሞ አይመልስም፣ ስለዚህ ጥላን ያጠልቃል። «አያንጸባርቅም» ብንል ግን ለተማሪው የሚደርሰው «አያብለጨልጭም» ብቻ ነው፤ ነጩም ሰሌዳ አያብለጨልጭም።

ሦስት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። አንደኛው፣ ዐውድ ሁሉን ይፈታል የሚል ነው። ነገሩ ፊት ለፊት ለሚታይበት ንግግር ይህ እውነት ነው። የስያሜ ጥቅም ግን ነገሩ በሌለበት፣ በመጽሐፍና በመመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ሥር የሰደደ ቃል አይነቀልም የሚል ነው። እዚህ የሚነቀል ቃል የለም፤ ሸክሙ እንዲቀልለት ነው የተጠየቀው። ጋዜጣው አቋም ማንጸባረቁን ይቀጥል፤ ጸሐፊው ግን ምንጩ ማን እንደ ሆነ በተሳቢው ላይ ይግለጽ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። «መለሰ» ራሱ ብዙ ፍች አለው፤ በተለይ «የዓይኑን ብርሃን መለሰለት» ማየት ለተሳነው ሰው መፈወስን ይገልጻል። ስለዚህ «ብርሃን መላሽ» በሃይማኖታዊ ጆሮ ፈዋሽ ሊመስል ይችላል። ይህ ግጭት እውነተኛ ነው። የሚያቃልለው ግን በሰዋስው ውስጥ አለ። በፈውሱ ዓረፍተ ነገር «-ለት» የሚል የተጠቃሚ ቅጥያ አለ፣ ብርሃኑም የሰውየው ነው፤ በገጽታው ዓረፍተ ነገር መነሻና መድረሻ ይነገራሉ፦ ከጨርቁ ወደ ፊቱ መለሰ። ለኤሌክትሪክም ቋንቋው «መብራት መጣ»፣ «መብራት ሄደ» ስለሚል በዚያ በኩል ግጭት የለም። ስለዚህ ስያሜውን የሚጠቀም ሰው «ከ» እና «ወደ» የሚሉትን መስተዋድዶች እንዳይተው ብቻ ማሳሰብ ይበቃል። እንዲያውም የ«መለሰ» ብልጫ ይህ ነው፤ «ከየት? ወዴት?» ብሎ እንድንጠይቅ ያስገድዳል፤ «አንጸባረቀ» ግን ያለ ጥያቄ ያልፋል።

የሚቀጥለው ሥራ መዝገበ ቃላትን በሥር ብቻ ሳይሆን በጽንሰ ሐሳብ መስክም ማደራጀት ነው። ብርሃን ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ቃላቱ ብዙ ናቸው፣ ልዩነታቸውም በዓይን ይፈተናል። ሥራው በአዲስ አበባ ብቻ ተሠርቶ የሚያልቅ አይሆንም። አማርኛ ከአረብኛና ከትግርኛ ጋር በየዕለቱ በሚነጻጸርበት፣ በቀትር ፀሐይና በጥቁር አፈር መካከል የቆመ ሰው ፊቱ በፎቶ እንዲለይለት በሚፈልግበት በዚህ የድንበር አካባቢም ሊሠራ ይገባዋል። የምዝገባ ሠራተኞች ሥልጠናና የመንገድ ደኅንነት ምክር በአማርኛ በሚዘጋጅበት ጊዜ የተመለሰው ብርሃን ስም ይኑረው፤ ቃሉን መርምሮ ማቅረብም የእኛ የቋንቋ አጥኚዎች ድርሻ ነው።